ከግራ ወደ ቀኝ ኤሌክትሮን እየተጨመረ አቶሙ ለምን ያንሳል? ከሥርዓቱ የሚወጡትስ ለምን ይወጣሉ?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ ኤሌክትሮን ይጨመራል፤ ታዲያ አቶሙ ማደግ ሲገባው ለምን ያንሳል? አዮናይዜሽን ኢነርጂ ወደ ቀኝ ይጨምራል ተብሎ ሳለ ኦክስጅን ለምን ከናይትሮጅን ያንሳል? ጋሊየም ከአሉሚኒየም ሥር ሆኖ ለምን በግልጽ አይበልጠውም? ቀስቶቹን ሸምድጃለሁ፤ ፈተና ላይ ግን ልዩ ሁኔታዎቹ ያሳስቱኛል። ከመሸምደድ ሌላ መንገድ አለ?»

አለ። ልዩ ሁኔታ ተብለው በመጽሐፍ ጥግ የሚጻፉት ንጥረ ነገሮች ሕጉን የሚያፈርሱ አይደሉም፤ ይልቁንም ሕጉ ምን እንደሆነ አጥርተው የሚያሳዩ ናቸው። ችግሩ ያለው በሰንጠረዡ ላይ ምን ወዴት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ በሚያሳዩት ቀስቶች ላይ ነው። ቀስት ውጤትን ያሳያል እንጂ ምክንያትን አያሳይም። «ወደ ቀኝ ስለሚገኝ ያንሳል» ብሎ መጻፍ «ስለሚያንስ ያንሳል» ከማለት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ለጊዜው ቀስቶቹን ይተዉና ከአቶሙ ዳር ያለውን አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያስቡ።

ይህ ኤሌክትሮን አሉታዊ ሙል አለው፤ ኒውክለሱ አዎንታዊ ሙል ስላለው ይስበዋል። የመሳቡ ብርታት በሦስት ነገሮች ይወሰናል። የመጀመሪያው በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት ነው። ሁለተኛው በመካከል ያሉት ሌሎች ኤሌክትሮኖች ይህን መሳብ ምን ያህል ይጋርዱታል የሚለው ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኤሌክትሮኑ ከኒውክለሱ ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው። የአቶም መጠን፣ አዮናይዜሽን ኢነርጂ (አንድ ኤሌክትሮን ከአቶሙ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ)፣ ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ (አቶሙ በትስስር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሱ የመሳብ ብርታት) የሚባሉት ሁሉ የእነዚህ የሦስቱ ፉክክር የተለያዩ ገጽታዎች ናቸው። ኦክስጅን ላይ ስንደርስ አራተኛ ነገር እንጨምራለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ። ከሊቲየም እስከ ፍሎሪን ስንሄድ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፕሮቶንና አንድ ኤሌክትሮን ይጨመራሉ። ግራ የሚያጋባው «አንዱ አዎንታዊ፣ አንዱ አሉታዊ ስለሆኑ መሰራረዝ ነበረባቸው» የሚለው ስሜት ነው። አይሰራረዙም፤ ምክንያቱም የሚጨመረው ኤሌክትሮን የሚገባው እዚያው ሁለተኛው ሼል (የኤሌክትሮኖች ንብርብር) ውስጥ፣ ከሌሎቹ የዳር ኤሌክትሮኖች ጎን ነው። እሳት ዙሪያ በአንድ ክብ የተቀመጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ሙቀት ብዙም አይጋርድም፤ የሚጋርደው ከፊት የተቀመጠው ረድፍ ነው። በአንድ ሼል ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም እንደዚሁ አንዱ ሌላውን ከኒውክለሱ የሚጋርደው በጥቂቱ ነው። ፕሮቶኑ ግን ሙሉ ፕሮቶን ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ስሌተር በ1930 ቀላል የግምት ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት በዚያው ሼል ውስጥ ያለ ኤሌክትሮን 0.35 ያህል ይጋርዳል፤ አንድ ሼል ወደ ውስጥ ያለው 0.85፣ ከዚያም በታች ያሉት ሙሉ 1 ይጋርዳሉ። የሊቲየም የዳር ኤሌክትሮን የሚደርሰው የተጣራ ሙል 3 ሲቀነስ ሁለት ጊዜ 0.85፣ ማለትም 1.30 ነው። የፍሎሪኑ ደግሞ 9 ሲቀነስ ስድስት ጊዜ 0.35 እና ሁለት ጊዜ 0.85፣ ማለትም 5.20 ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ 1 ተጨምሮ 0.35 ብቻ ስለሚቀነስ የተጣራው ሙል በ0.65 ያድጋል። ስለዚህ የዳሩ ሼል በሙሉ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የሊቲየም የኮቫለንት ራዲየስ (ከተጣመሩ አቶሞች ርቀት የሚገኘው የአቶሙ ስፋት) 128 ፒኮ ሜትር ነው፤ የካርቦን 76፣ የፍሎሪን 57 ነው። የስሌተር ደንብ ግምት እንጂ ትክክለኛ ስሌት አይደለም፤ ነገር ግን በወረቀትና በእርሳስ ይህን ያህል የሚያስረዳ ሌላ መሣሪያ አላውቅም። አሥር ደቂቃ ሰጥተው ቢለማመዱት ከማንኛውም ቀስት ይበልጥ ይጠቅምዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ኒዮን ከፍሎሪን በጣም እንደሚበልጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካጋጠመዎ አይደንግጡ። የፍሎሪን ራዲየስ የሚለካው በተጣመሩ አቶሞች መካከል ነው፤ ኒዮን ግን ስለማይጣመር አንዳንድ ሰንጠረዦች ሳይጣመሩ የተጠጋጉ አቶሞችን ርቀት ወስደው 154 ፒኮ ሜትር ይጽፉለታል። ሁለቱ የተለያዩ ልኬቶች ስለሆኑ አይነጻጸሩም።

የፕሮቶን ብዛት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ያለ ሌላ ጣልቃ ገብነት ማየት ከፈለጉ እኩል ኤሌክትሮን ያላቸውን አዮኖች (ኤሌክትሮን በመቀበል ወይም በማጣት ሙል ያገኙ አቶሞችን) ይመልከቱ። የኦክስጅን አሉታዊ 2፣ የፍሎሪን አሉታዊ 1፣ የሶዲየም አዎንታዊ 1፣ የማግኒዚየም አዎንታዊ 2 እና የአሉሚኒየም አዎንታዊ 3 አዮኖች ሁሉም 10 ኤሌክትሮን አላቸው፤ አደረጃጀታቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው ፕሮቶን ብቻ ነው፦ 8፣ 9፣ 11፣ 12፣ 13። በክሪስታል ውስጥ የሚለካው ራዲየሳቸው በቅደም ተከተል 140፣ 133፣ 102፣ 72 እና 53.5 ፒኮ ሜትር ነው። ያው አሥር ኤሌክትሮን፣ በአምስት ፕሮቶን ልዩነት፣ ከግማሽ በታች ወደሆነ ስፋት ተሰበሰበ። «ኤሌክትሮን ሲበዛ አቶም ያድጋል» የሚለውን ሐሳብ ለመተው ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር።

በአንድ ግሩፕ (የሰንጠረዡ ቁልቁል ዓምድ) ውስጥ ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ አልቆይበትም። የሶዲየምን የተጣራ ሙል በስሌተር ደንብ ቢያሰሉ 2.20 ያገኛሉ፤ የፖታሲየምም 2.20 ነው። ስምንት ፕሮቶን ተጨመረ፤ በውስጥ ያሉት ስምንት ኤሌክትሮኖች ከሞላ ጎደል ጋረዱት። የተለወጠው ርቀቱ ነው፤ የዳሩ ኤሌክትሮን ከሦስተኛው ወደ አራተኛው ሼል ወጣ። ስለዚህ ራዲየሱ ከ166 ወደ 203 ፒኮ ሜትር ያድጋል፤ አንዱን ኤሌክትሮን ለማውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂም ከ496 ወደ 419 ኪሎ ጁል በሞል ይወርዳል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመግባቴ በፊት የቦሮንን ነገር ላንሳ፤ ምክንያቱም ብዙዎች ከኦክስጅን ጋር ያምታቱታል። የሁለተኛው ፔሪየድ (የሰንጠረዡ አግድም ረድፍ) የመጀመሪያ አዮናይዜሽን ኢነርጂ በኪሎ ጁል በሞል እንዲህ ነው፦ ሊቲየም 520፣ ቤሪሊየም 899፣ ቦሮን 801፣ ካርቦን 1086፣ ናይትሮጅን 1402፣ ኦክስጅን 1314፣ ፍሎሪን 1681፣ ኒዮን 2081። ሁለት ቦታ ላይ ይወርዳል፤ ምክንያታቸው ግን አንድ አይደለም። በአንድ ሼል ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው ቦታዎች ኦርቢታል ይባላሉ፤ እንደ ቅርጻቸው ኤስ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ ተብለው ይለያሉ፤ ከፊታቸው ያለው ቁጥር የሼሉ ነው። ከቤሪሊየም የሚወጣው ኤሌክትሮን ከ2ኤስ ኦርቢታል ነው፤ ከቦሮን የሚወጣው ከ2ፒ ነው። የ2ኤስ ኤሌክትሮን ወደ ኒውክለሱ አጠገብ የመድረስ ዕድል አለው፤ የውስጠኛውን ሼል ሰርጎ ስለሚገባ ግርዶሹን በከፊል ያመልጣል። የ2ፒ ኤሌክትሮን ኒውክለሱ ባለበት ቦታ የመገኘት ዕድሉ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይጋረዳል፤ ይበልጥም ላልቶ ይያዛል። የቦሮን ተጨማሪ ፕሮቶን ይህን ሙሉ በሙሉ ሊያካክሰው አልቻለም። የቦሮን ጉዳይ በዚህ ያበቃል።

የኦክስጅን ግን የተለየ ነው፤ መጽሐፍት የሚሰጡት ምክንያትም አያጠግበኝም። የተለመደው መልስ «ናይትሮጅን ግማሽ የተሞላ ፒ ስላለው የተረጋጋ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ ፈተና ላይ ነጥብ ያስገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁኔታውን በስም ከመጥራት አልፎ አያስረዳም፤ ትኩረታችንንም በተሳሳተው ንጥረ ነገር ላይ ያደርጋል። ቁጥሮቹን እንደገና ይመልከቱ። ከቦሮን ወደ ካርቦን 285 ጨመረ፤ ከካርቦን ወደ ናይትሮጅን 316 ጨመረ። ጭማሪው ራሱ በ30 ገደማ እያደገ ነው። በዚሁ አካሄድ ቢቀጥል ኦክስጅን 1750 አካባቢ፣ ፍሎሪን 2125 አካባቢ፣ ኒዮን 2530 አካባቢ በደረሱ ነበር። እውነተኞቹ ግን 1314፣ 1681 እና 2081 ናቸው። ልዩነቱን ያስሉ፦ ኦክስጅን ላይ 435 ያህል፣ ፍሎሪን ላይ 445 ያህል፣ ኒዮን ላይ 450 ያህል። ሦስቱም ከመስመሩ የወረዱት በእኩል መጠን ነው ማለት ይቻላል።

ይህ በጣም ትልቅ ነገር ይናገራል። ናይትሮጅን ከመስመሩ አልወጣም፤ ከቦሮንና ከካርቦን ጋር በአንድ መስመር ላይ ቆሟል። ልዩ መረጋጋት ቢኖረው ኖሮ ከመስመሩ በላይ ጎልቶ በታየ ነበር። ኦክስጅንም ብቻውን የተለየ አይደለም፤ ፍሎሪንና ኒዮንም እንደ እሱው ወርደዋል። ታዲያ ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የ2ፒ ኦርቢታሎች ሦስት ናቸው። ቦሮን አንድ፣ ካርቦን ሁለት፣ ናይትሮጅን ሦስት ኤሌክትሮን ሲያስገቡ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን የራሱን ኦርቢታል ይይዛል፤ ስፒናቸውም (ሁለት አቅጣጫ ብቻ ያለው የኤሌክትሮን ባሕርይ) ተመሳሳይ ነው። ስፒናቸው ተመሳሳይ የሆኑ ኤሌክትሮኖችን የኳንተም ሕግ ያራርቃቸዋል፤ ስለዚህ መገፋፋታቸው አነስተኛ ነው። አራተኛው ኤሌክትሮን ሲመጣ ባዶ ኦርቢታል የለም። የግድ ከአንዱ ጋር ተጣምሮ፣ ስፒኑን ገልብጦ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቦታ ስለሚገናኙ ይገፋፋሉ። ከኦክስጅን፣ ከፍሎሪንና ከኒዮን የሚወጣው ኤሌክትሮን ሁልጊዜ እንዲህ ጓደኛው የሚገፋው ስለሆነ ለማውጣት ይቀላል። አራተኛው ነገር ያልኩት ይህን የመጣመር ዋጋ ነው።

አንድ መግለጫ ትክክል መሆኑን የምንፈትነው ሌላ ቦታ ላይ ምን እንደሚተነብይ በማየት ነው። የመጣመር ዋጋ የመጣው ከመገፋፋት ከሆነ፣ ኦርቢታሉ ሰፊ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ስለሚራራቁ ዋጋው መቀነስ አለበት። ሦስተኛው ፔሪየድ ላይ አሉሚኒየም 578፣ ሲሊከን 787፣ ፎስፎረስ 1012 ነው፤ መስመሩ ቢቀጥል ሰልፈር 1250 ገደማ ይሆን ነበር። እውነተኛው 1000 ነው። ልዩነቱ 250 ገደማ ሆነ፤ ከ435 በጣም ወረደ። ከናይትሮጅን ወደ ኦክስጅን ያለው መውረድ 88 ሲሆን ከፎስፎረስ ወደ ሰልፈር ያለው 12 ብቻ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ግማሽ ስለ መሞላት የሚናገረው ሐረግ ይህን ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም፤ ሁለቱም ግማሽ የተሞሉ ናቸውና።

ስለ ሐረጎች ካነሳን፣ «ሶዲየም ስምንት ኤሌክትሮን እንዲኖረው አንዱን መስጠት ይፈልጋል፤ ክሎሪን ደግሞ መቀበል ይፈልጋል» የሚለውንም እንዲተዉት አጥብቄ እመክራለሁ። አቶም ፍላጎት የለውም። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በነፃ አይሰጥም፤ 496 ኪሎ ጁል በሞል ይከፈልበታል። ክሎሪን ኤሌክትሮን ሲቀበል 349 ይለቃል። ሒሳቡ 147 ኪሎ ጁል ይጎድለዋል። ማለትም ተራርቀው ባሉ የጋዝ አቶሞች መካከል ኤሌክትሮኑ ከሶዲየም ወደ ክሎሪን ቢተላለፍ ኢነርጂ ይጠይቃል እንጂ አያተርፍም። ጉድለቱን የሚሸፍነውና ብዙ ትርፍ የሚያመጣው አዮኖቹ ተሰብስበው ክሪስታል ሲሠሩ የሚለቀቀው 787 ኪሎ ጁል ያህል ነው። የሶዲየም ሁለተኛው ኤሌክትሮን ለምን እንደማይወጣም በዚሁ ሒሳብ ይገባል፤ እሱ ከውስጠኛው ሼል ስለሆነ 4562 ይጠይቃል። ማግኒዚየም ላይ ሁለተኛው 1451 ብቻ ስለሆነ ክሪስታሉ ይከፍለዋል፤ ሦስተኛው 7733 ስለሆነ አይከፍለውም። የስምንት ደንብ ከዚህ ሒሳብ የሚወጣ ውጤት ነው።

አሁን ጋሊየም። ከአሉሚኒየም አንድ ሼል ይበልጣል፤ ስለዚህ እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ልዩነት ሰፋ ያለ እንዲሆን እንጠብቃለን። የአሉሚኒየም የኮቫለንት ራዲየስ 121፣ የጋሊየም 122 ፒኮ ሜትር ነው። አዮናይዜሽን ኢነርጂያቸውም 578 እና 579 ነው። ጭራሽ የጋሊየም ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ በፖሊንግ ልኬት 1.81 ሲሆን የአሉሚኒየም 1.61 ነው፤ ወደ ታች ይቀንሳል የሚለው ቀስት እዚህ ላይ ተገልብጧል። ምክንያቱን ለማግኘት ከአሉሚኒየም እስከ ጋሊየም ያለውን መንገድ በጣትዎ ይከተሉት። ከካልሲየም በኋላ በቀጥታ ወደ ጋሊየም አንደርስም፤ ከስካንዲየም እስከ ዚንክ ያሉትን አሥር ንጥረ ነገሮች አቋርጠን ነው የምንደርሰው። በእነዚህ አሥር እርምጃዎች አሥር ፕሮቶን ተጨመረ፤ አሥሩ ኤሌክትሮኖች ደግሞ 3ዲ ውስጥ ገቡ። የዲ ኤሌክትሮኖች ለዳሩ ኤሌክትሮን ሙሉ ግርዶሽ አይሆኑም። በስሌተር ደንብ እያንዳንዳቸው 0.85 ብቻ ስለሚጋርዱ ከእያንዳንዱ ፕሮቶን 0.15 ያመልጣል፤ አሥር ጊዜ 0.15 ደግሞ 1.5 ነው። ስሌቱን ሙሉ በሙሉ ቢሠሩት የአሉሚኒየም የተጣራ ሙል 3.50፣ የጋሊየም 5.00 ይሆናል። ልዩነቱ በትክክል ያ 1.5 ነው። ሼሉ ወደ ውጭ ሲወጣ የመሳቡ ብርታት መልሶ ሰበሰበው።

ጋሊየም በዚህ ሳይንስ ታሪክ ውስጥም ልዩ ቦታ አለው። ፔሪዮዲክ ሰንጠረዡን ያዘጋጀው ሩሲያዊ ኬሚስት ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ በ1871 ከአሉሚኒየም ሥር ያለው ክፍት ቦታ በአንድ ያልተገኘ ንጥረ ነገር እንደሚሞላና ጥግግቱ 5.9 ግራም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚሆን ጽፎ ነበር። በ1875 ፈረንሳዊው ኬሚስት ሌኮክ ደ ቧቦድራን ጋሊየምን አገኘና ጥግግቱን 4.7 ብሎ አሳወቀ። ሜንዴሌቭ ናሙናው በደንብ ያልጠራ መሆን አለበትና እንደገና ይለካ አለ። ተጣርቶ ሲለካ 5.9 ሆነ። ሜንዴሌቭ ኤሌክትሮን መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር፤ የጎረቤቶቹን ባሕርይ አስተውሎ መካከለኛውን ማስላቱ ብቻ ናሙናውን በእጁ ከያዘው ሰው ይበልጥ ወደ እውነቱ አቀረበው።

የዲ ኤሌክትሮኖች ያደረጉትን ኤፍ ኤሌክትሮኖች አንድ ፔሪየድ ዝቅ ብለው ይደግሙታል። ከላንታኑም እስከ ሉቴሲየም 4ኤፍ ሲሞላ የአዎንታዊ 3 አዮኖቹ ራዲየስ ከ103 ወደ 86 ፒኮ ሜትር ያህል ይወርዳል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሃፍኒየም ከላዩ ካለው ዚርኮኒየም ጋር እኩል ይሆናል፤ የሁለቱም የኮቫለንት ራዲየስ 175 ነው፤ ፕሮቶናቸው 40 እና 72 ሆኖ ሳለ። በዚህ የተነሣ በማዕድን ውስጥ አብረው ይገኛሉ፤ በኬሚካዊ መንገድ መለያየታቸውም እጅግ አድካሚ ነው። ሃፍኒየም እስከ 1923 ድረስ በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ኮፐንሃገን ውስጥ ዲርክ ኮስተርና ጆርጅ ደ ሄቬሲ በኤክስሬይ ነው የለዩት። መጠናቸው እኩል፣ ክብደታቸው ግን እጥፍ ስለሆነ ጥግግታቸው 6.5 እና 13.3 ግራም በኩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው።

ያልጠየቁኝን ሁለት ነገር ልጨምር፤ ፈተና ላይ መምጣታቸው አይቀርም። አንደኛው ፍሎሪን ነው። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲው 3.98 ሆኖ ከሁሉም ይበልጣል፤ ኤሌክትሮን አፊኒቲው (አንድ ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀው ኢነርጂ) ግን 328 ሲሆን የክሎሪን 349 ነው። ፍሎሪን በጣም ትንሽ ስለሆነ አዲስ የሚገባው ኤሌክትሮን ጠባብ ቦታ ላይ ሰባት የዳር ኤሌክትሮኖች ይጠብቁታል፤ ይገፉታልም። የኦክስጅንና የሰልፈር ነገርም እንዲሁ ነው፤ 141 እና 200። ታዲያ ፍሎሪን ለምን ከክሎሪን ይበልጥ ኃይለኛ ሆነ ቢሉ፣ የፍሎሪን ሞለኪውል ትስስር ራሱ ደካማ በመሆኑ ነው። ለመበጠስ 158 ያህል ብቻ ይጠይቃል፤ የክሎሪን 243 ነው። የሚፈጠረው አዮንም ትንሽ ስለሆነ ከሌሎች ጋር የሚሠራው ትስስር ብርቱ ነው። ያው ትንሽነት በአንድ በኩል ጎዳው፤ በሌላ በኩል ጠቀመው።

ሁለተኛው ከሰንጠረዡ ግርጌ ነው። በብዙ መማሪያ ላይ ቀስቱ ፍራንሲየም ላይ ያበቃና «ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቀው እሱ ነው» ይባላል። ልኬቱ ይህን አይደግፍም፤ የሲዚየም አዮናይዜሽን ኢነርጂ 376፣ የፍራንሲየም 393 ነው። ባሪየምና ራዲየምም 503 እና 509 ናቸው። በከባድ ኒውክለስ አጠገብ የሚያልፍ ኤሌክትሮን ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት ጋር የሚነጻጸር ይሆናል፤ በወርቅ አቶም የመጀመሪያው ሼል ኤሌክትሮኖች ፍጥነት የብርሃንን 58 በመቶ ያህል ይደርሳል። ያን ጊዜ የአንጻራዊነት ሕግ ይገባል፤ የኤስ ኦርቢታሎች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ኤሌክትሮናቸውም ይበልጥ ጠብቆ ይያዛል። ወርቅ ቢጫ የሆነውም፣ ሜርኩሪ በተለመደው የክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው ለአንድ ብቸኛ አቶም ባሕርይ እንደሆነ ልብ ይበሉ። የመቅለጫ ነጥብን በቀስት ለመያዝ መሞከር ድካም ብቻ ነው። በሦስተኛው ፔሪየድ ሶዲየም በ98፣ ማግኒዚየም በ650፣ አሉሚኒየም በ660፣ ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣሉ፤ ነጭ ፎስፎረስ ግን በ44፣ ሰልፈር በ115፣ ክሎሪን ከዜሮ በታች በ101 ዲግሪ። ሲሊከን ሲቀልጥ ብርቱ ትስስሮች ይበጠሳሉ፤ ፎስፎረስ ሲቀልጥ ግን ሞለኪውሎቹ ሳይነኩ እርስ በርስ ብቻ ይላቀቃሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ከምን እየተለያየ ነው?» የሚል ነው።

የሊቲየምም ጉዳይ ከዚህ ይመደባል። ከግሩፑ ሁሉ ኤሌክትሮኑን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፤ 520 ይጠይቃል። በውኃ ውስጥ ግን የመደበኛ ኤሌክትሮድ ፖቴንሻሉ (ይበልጥ አሉታዊ ሲሆን ይበልጥ ኤሌክትሮን ሰጪ መሆንን የሚያሳይ ልኬት) አሉታዊ 3.04 ቮልት ሲሆን የሶዲየም አሉታዊ 2.71፣ የፖታሲየም አሉታዊ 2.93 ነው፤ ማለትም ሊቲየም ከሁለቱም ይልቅ ኤሌክትሮን ሰጪ ሆነ። የሊቲየም አዮን በጣም ትንሽ በመሆኑ የውኃ ሞለኪውሎችን አጥብቆ ይስባል፤ በዚያ የሚለቀቀው ኢነርጂ ለኤሌክትሮኑ የተከፈለውን ይመልሳል። ውኃ ላይ ሲጣል ግን ከሶዲየም ቀዝቀዝ ብሎ ከውኃው ጋር የሚዋሐደው የመቅለጫ ነጥቡ 181 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነው፤ ሶዲየም በ98 ቀልጦ አዲስ ገጽ እያወጣ ይቀጥላል፤ ሊቲየም ጠጣር ሆኖ ይቆያል። ምን ያህል ይለቃልና ምን ያህል ይፈጥናል ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ራስዎን መፈተን ከፈለጉ ኢንዲየምንና ታሊየምን ይውሰዱ። ጋሊየም ያለበት ግሩፕ ውስጥ ናቸው፤ ታሊየም ከኢንዲየም ሥር ነው። ኢንዲየም 558፣ ታሊየም 589። ታሊየም ለምን በለጠ? ከኢንዲየም ተነስተው ታሊየም እስኪደርሱ የትኞቹን ንጥረ ነገሮች እንዳቋረጡ ይቁጠሩ፤ መልሱን ጽፈው ቢልኩልኝ አርሜ እመልስልዎታለሁ።